ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እንጨት

ቶራ አልደርሰን የድርቆሽ ቤቱን በር ገፍታ ገብታ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ መኪናዋ እንጉዳይ አብቅላ አገኘቻት። ከኋላ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት እንጨቶች ከሚጋጠሙበት ቦታ ላይ፣ ፈዛዛ ቡናማ ቆብ የደፉ ትንንሽ እንጉዳዮች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ዝናብ እስኪያባራ ግድግዳ ጥግ የተጠለሉ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ቶራ ጎንበስ ብላ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ለቅማ በመዳፏ ይዛ ወጣች።

ጎረቤቷ አሞስ ሃርከር እንደ ልማዱ በድንጋዩ አጥር ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆሟል። ውሻው ከእግሩ ሥር ተኝቷል።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"እንጉዳይ።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ከመኪናዬ።"

አሞስ አገጩን አሻሸ። "የኔ ትራክተር ይህን ሁሉ ዘመን ስታገለግለኝ አንድ ቀን እንኳን ቁርስ አብልታኝ አታውቅም" አለ። ውሻውን ጠራና በጎቹ ወዳሉበት ወጣ።

መኪናዋ ሞሪስ የምትባል አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ናት። ከፊት ሲያዩዋት እንደማንኛውም መኪና ብረት ናት፤ ከሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ግን የጎድን አጥንቷ እንጨት ነው። መስኮቶቿን የያዘው፣ ጣሪያዋን የተሸከመው፣ የኋላ በሮቿን ያቆመው ሁሉ አሽ የሚባለው ነጭ እንጨት ነው፤ የወይራ የሩቅ ዘመድ፣ የመጥረቢያ እጀታ የሚወጣለት ጠንካራ እንጨት። ቶራ ገና በወጣትነቷ ገዝታ፣ ከሸለቆው ራስ ላይ ካለው ቤቷ ተነሥታ ታች እስካለው የአይብ ፋብሪካ ድረስ ዕድሜዋን ሙሉ ነድታታለች። ጡረታ በወጣች ዓመት መኪናዋ የዓመቱን ምርመራ ወደቀች። ያኔ አውቶቡስ ከቤቷ በታች ባለው ዋና መንገድ ያልፍ ስለነበር፣ "ትንሽ ትረፍ" ብላ ወደ ድርቆሽ ቤቱ አስገባቻት። ዕረፍቱ ረዘመ።

አሁን ግን አውቶቡሱ ሊቀር ነው። በጋው ሲያልቅ የመጨረሻውን ጉዞ እንደሚያደርግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ማቆሚያው ላይ ተለጠፈ። ቶራ ገና አንብባው ወደ ቤት ሳትገባ ስልኩ ይጮህ ነበር። ታላቅ እህቷ ሜቪስ ናት፤ ከተማ የምትኖረው።

"ሰማሽ?"

"አነበብኩት።"

"እንግዲህ ከዚያ ተራራ በክንፍ ልትወርጂ ነው?"

"መኪና አለኝ።"

"መኪና! ያንን የዶሮ ቆጥ ነው መኪና የምትይው?" ሜቪስ ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿ ለዘብ አለ። "ስሚኝ ቶራ። ከእኔ በታች ያለው ቤት ባዶ ነው። ማሞቂያ አለው። ደረጃ የለውም። ዳቦ ቤቱ ማዶ ነው። ለማን ብለሽ ነው እዚያ የምትቀሪው?"

ቶራ በወጥ ቤቷ መስኮት ወደ ውጭ አየች። ከወለሉ ሥር፣ አባቷ ቤቱን ከመግዛቱም በፊት ጀምሮ፣ አንድ ቀጭን ምንጭ ያልፋል። ሌሊትም ቀንም ያንሾካሹካል፤ በክረምት ድምፁ ይወፍራል፤ በበጋ እንደ ሕፃን ትንፋሽ ይቀጥናል። እሷ የተወለደችው በዚያ ድምፅ ላይ ነው። ይህን ግን በስልክ ለሜቪስ እንዴት ትናገረዋለች? ሜቪስም እኮ የተወለደችው እዚያው ነው፤ ሆኖም ጥላው ወጥታለች።

"ምርመራውን ካለፈችስ?" አለች ቶራ።

"ማን?"

"መኪናዋ።"

"አውቶቡሱ የመጨረሻ ጉዞውን እስኪያደርግ ካለፈች አፌን እዘጋለሁ" አለች ሜቪስ። "ካላለፈች ግን ትመጪያለሽ። ደግሞ ኋላ እሺ ብለሽ እንዳትቀሪ።"

"እሺ" አለች ቶራ። በእነሱ ቤት እሺ የተባለ ነገር አይመለስም።

ከዚያ ወዲያ ፀደዩም በጋውም በድርቆሽ ቤቱ ውስጥ አለፈ። ካርቡሬተሩን ፈታታ በቤንዚን አጠበች፤ ካንዴላዎቹን ቀየረች፤ የፍሬን ሸራውን አዲስ አደረገች። የዛገውን ወለል በአይብ ፋብሪካው ማሽን ጠጋኝ የነበረ የድሮ ባልደረባዋ መጥቶ በየደላት። እንጨቱን ግን ለማንም አልሰጠችም። አባቷ አናጺ ነበር፤ መጋዙም መላጊያውም መሮውም በተሰቀሉበት ተሰቅለው ቀርተዋል።

እንጨቱን የምትመረምርበት መሣሪያ ግን ከአባቷ ሳይሆን ከራሷ ሙያ የመጣ ነው። አይብ መብሰሉን ለማወቅ ክብ ሆኖ በጠጠረው ሙሉ አይብ ላይ የሚሰካ፣ ግማሽ ቧንቧ የሚመስል ቀጭን ብረት አለ፤ ሰክተው አዙረው ሲስቡት ከመሐል ትንሽ ናሙና ይዞ ይወጣል። ቶራ ናሙናውን አሽትታ፣ በጣቷ ፈርከስ አድርጋ፣ "ይህ ይቆይ፤ ይህ ይሂድ" ስትል ነው የኖረችው። አሁንም በዚያው ብረት የመኪናዋን እንጨት ከላይ እየወጋች፣ የወጣውን እያሸተተች ዞረች። ጥቁርና እርጥብ ሆኖ የወጣውን በኖራ ምልክት አደረገችበት። ነጭና ደረቅ የሆነውን መታ መታ አድርጋ አለፈችው።

ከዚያ የበሰበሰውን ብቻ እየቆረጠች አወጣች። ደህና የሆነ ነገር መጣል ባልተለመደበት ሸለቆ ውስጥ፣ የሻገተ ጫፍ ተቆርጦ ቀሪው አይብ በሚበላበት ቤት ነው ያደገችው። አሮጌውንና አዲሱን በሰያፍ ቆርጣ በሙጫ እያጋጠመች፣ በሞርሳ እየጠበቀች፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀች ሠራች። ለአዲሱ እንጨት አባቷ ድርቆሽ ይጎትትበት የነበረውን አሮጌ የእንጨት መንሸራተቻ አፈረሰች። ቁርጥራጩ ሁሉ አጭር አጭር ነበር፤ በግራ በኩል ከመስኮቱ በታች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚሄደው ረጅም እንጨት የሚበቃ አልተገኘም። ስለዚህ የእሱንም የበሰበሰ ግማሽ ቆርጣ፣ ደህና የሚመስለውን ግማሽ ትታ፣ በመሐል አጋጠመችው።

አሞስ በየቀኑ አጥሩ ላይ ይመጣል።

"ምስጦቹ ምን አሉሽ? አዲሱን ቤታቸውን ወደዱት?"

"ያንተን ካልሲ ካሸተቱ ወዲያ ወደ ታች ሸሽተዋል።"

"ልጅት፣ ያ ሙጫ ከምላስሽ ይልቅ ይይዝ ይሆን?" በሸለቆው ሴት ሰባ ዓመት ቢሞላትም እስከ መቃብሯ "ልጅት" ናት።

አንድ ቀን ግን አጥሩን ተሻግሮ መጥቶ ሰያፉን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጥፍሩን ቢያሳልፍ አልገባ አለው። "አይከፋም" አለና ሄደ። እዚያ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። የቶራ ፊት ያን ቀን ሙሉ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልቶ ዋለ።

አውቶቡሱ ሊቀር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ቶራ ሞሪሷን ነድታ ወደ ኔቪል ካልቨርት ጋራዥ ወረደች። ኔቪል ጸጥተኛና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በሸለቆው ማንም ሰው ምርመራውን የሚያስደርገው እሱ ዘንድ ነው። መኪናዋን በማንሻው ወደ ላይ አወጣትና በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ይዞራት ጀመር። ቶራ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ኳኳታ ታዳምጣለች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጥሩ ድምፅ ነው። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ድፍን ያለ፣ ትራስ የተመታ የሚመስል ድምፅ መጣ።

"ወይዘሪት አልደርሰን፣ እስኪ ወዲህ ይምጡ።"

ሄደች። ኔቪል የግራውን ረጅም እንጨት ከሥሩ አሳያት። "አውራ ጣትዎን እዚህ ይጫኑ።"

ተጫነች። ጣቷ ትኩስ አይብ ውስጥ እንደሚገባ ሰመጠ። እሷ ከላይ ነበር የወጋችው፤ ብስባሱ ደግሞ ከመንኮራኩሩ በሚረጨው ውሃ ከታች ወደ ላይ ነው የሄደው።

"አዲሱ ግማሽ ግሩም ነው" አለ ኔቪል። "ችግሩ አሮጌው ነው። ለምን ሙሉውን አልቀየሩትም?"

"ደህናውን እንዴት አውጥቼ እጥላለሁ?"

ኔቪል መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መናገሩ ከብዶታል። "ወይዘሪት አልደርሰን፣ አይብ ሲሻግት ቆርጠን ጥለን እንበላለን። እንጨት ግን አይብ አይደለም። ያ ጎን በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እንጨት መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ አልፏል፤ ፍሬኑም መሪውም መብራቱም ምንም እንከን አይወጣላቸውም። እስከ ዓርብ ይህን ቀይረው ካመጡልኝ እሱን ብቻ ነው የማየው።"

ቶራ አመስግናው ወጣች። በከተማው ወዳለው እንጨት ሻጭ ሄዳ ረጅም የደረቀ አሽ ጠየቀች። ሻጩ እርጥብ እንጂ ደረቅ እንደሌለው ነገራት፤ "ለገና ግን አላጣልሽም" አለ በቅንነት። ለገና። እስከ ገና እኮ ሜቪስ ማሞቂያውን ከፍታ ትጠብቃታለች።

ቀስ ብላ እየነዳች ወደ ላይ ተመለሰች። መኪናዋን ድርቆሽ ቤት ስታስገባ አሞስ አጥሩ ላይ ነበር።

"አለፈች?"

"አንድ እንጨት ቀራት።"

"የትኛው?"

"የግራው ረጅሙ።"

ውሻው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል።

በሸለቆው ውስጥ የሚለምን ሰው የለም። ልመና አልቻልኩም ማለት ነው። ሳይጠየቅ የሚሰጥም የለም፤ እሱም አልቻልክም ማለት ነው። ስለዚህ ሰዎች በረዶ ሲከመርባቸው እንኳን ጎረቤታቸው አካፋ ይዞ "ድንገት" እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃሉ። ቶራ ሰባ ዓመት በዚህ ሕግ ኖራለች። አሁን ግን ዓርብ ሊመጣ ነው፤ ከወለሏ ሥር ያለው ውሃም ያለ እሷ ሊንሾካሾክ ነው።

"ረጅም የደረቀ አሽ" አለች፣ ወደ ኮረብታው እያየች፣ "የት ይገኝ ይሆን እያልኩ ነው።"

"የት ይገኝ ይሆን?" አሞስ ክርኑን ከአጥሩ ላይ አነሣ። "የት ይገኝ ይሆን አልሽ?"

"ምን ሆንክ?"

"ልጅት፣ ፀደይ ከገባ ጀምሮ አባቴ ያደረቀውን ሳንቃ ከጎተራዬ አውጥቼ የምታልፊበት ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ!"

"እሱን? እኔ ለሽያጭ ያወጣኸው መስሎኝ ነበር።"

"ከዚያ ያላየሽው መስሎኝ ወደ መንገዱ አጋደልኩት።"

"ነፋስ የጣለው መስሎኝ..."

"ከዚያ ብሶብኝ መንገዱ ላይ በአግድም አጋደምኩት! አንቺ ምን አደረግሽ? ተራምደሽው አለፍሽ! ደግሞ ዘወር ብለሽ 'አሞስ፣ እንጨትህን ከመንገድ አንሣ፤ ሰው ይሰብራል' አልሽኝ!"

ቶራ አፏን በእጇ ያዘች። ትዝ አላት። እንዲያውም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነበር የተራመደችው።

"ታዲያ ለምን አፍ አውጥተህ አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር?"

አሰበች። "'አቅቶኛል አልኩህ እንዴ?' እል ነበር።"

"ይኸው።"

ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ቶራ መሳቅ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ። አሞስ ግን አልሳቀም፤ እየጠበቀ ነበር። እሷም ምን እንደሚጠብቅ ገባት። ቀላል ነገር ነው፤ ሕፃናት በቀን ስንት ጊዜ ይሉታል። እሷ ግን ከአባቷ ሞት ወዲህ ለማንም ብላው አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አሞስ፣ እንጨቱን ትሰጠኛለህ?"

"እዚህ ላምጣው ወይስ ወደ ውስጥ ላስገባው?" አለ አሞስ፤ ወዲያው፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ተቀምጦ የቆየ ይመስል።

በማግሥቱ ሳንቃውን በትራክተር አመጣው። ነጭ ነበር፤ ቀጭን ጥብጣብ የሚመስል ግራጫ መስመር ከዳር እስከ ዳሩ ይሄዳል፤ ሲያንኳኩት ደወል ነው። ቶራ ከላይም ከታችም በብረቷ ወጋችው፤ አሞስ "ኧረ አባቴን አትውጊው" አለ። አሮጌውን እንጨት አውጥታ፣ በላዩ አጋድማ፣ በእርሳስ ቅርጹን ገለበጠችው። እሷ በመጋዝ ስትሰነጥቅ አሞስ ጫፉን ይዞ ቆመ፤ መላጊያውን ግን ሊነካ ሲል እጁን ቸብ አደረገችው።

"ያዝ ነው ያልኩህ።"

"ይዣለሁ።"

"ሁለቱም እጆችህ ይያዙ።"

"እግዚአብሔር ባልሽ ሊሆን የነበረውን ሰው ከምን አወጣው!"

"እሱም እንዳንተ ያወራ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልሆነው።"

ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወረደ። የአሽ ሽታ፣ ትንሽ የለውዝ፣ ትንሽ የዝናብ ሽታ ያለው፣ ድርቆሽ ቤቱን ሞላው። ውሻው ፍቅፋቂው ውስጥ ገብቶ ተኛ። እንጨቱ ቦታው ላይ ሲገባ መዶሻ እንኳን አልፈለገም፤ በመዳፏ ገፋ ስታደርገው ገጭ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱም ያን ድምፅ ሰሙ። ቡሎኖቹን አጠበቁና ሻይ ጠጡ።

ዓርብ ጠዋት ቶራ ጋራዡ ስትደርስ ሜቪስ ቀድማ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የከተማ ጫማ ተጫምታለች፤ ቦርሳዋን በጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ውል እንዳታጭበረብሪ ልጠብቅሽ።"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሜቪስ በወረቀት የጠቀለለችውን የእንቁላል ሳንድዊች አውጥታ ግማሹን ሰጠቻት። ቶራ ያዘችው እንጂ አልበላችም። ከማንሻው ሥር መዶሻው ይሰማል። ቋ። ቋ። ቋ። ኔቪል ከታች ሆኖ አውራ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የቶራ ሳንድዊች በጣቷ መሐል ተጨመቀ። ኔቪል እዚያው ቦታ ድጋሚ መታ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ መኪናዋን ወደ መሬት አወረዳትና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"አልፋለች ወይዘሪት አልደርሰን። እንዲህ ያለ እንጨት ከየት አገኙ?"

"ለምኜ" አለች ቶራ። ቃሉ ራሷንም ገረማት፤ አፏ ውስጥ እንዳሰበችው መራራ አልነበረም።

ቶራ ዘወር ብላ ሜቪስን አየቻት። እህቷ የቦርሳዋን መያዣ እያሻሸች ወለሉን ታያለች።

"መጋረጃ ሰቅዬ ነበር" አለች ሜቪስ በመጨረሻ። "እዚያ ባዶው ቤት።"

"ምን ዓይነት?"

"አረንጓዴ። አረንጓዴ ትወጃለሽ ብዬ።"

ለካ እህቷም እንዲሁ አፍ አውጥታ ሳትጠይቅ፣ ማሞቂያና ዳቦ ቤት ስትቆጥር የከረመችው ብቻዋን ስለሆነች ነው። ቶራ ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችና የእህቷን እጅ ያዘች።

"ሜቪስ፣ ወደ ላይ ከእኔ ጋር ትመጪልኛለሽ? ሁለት ሦስት ቀን። ከዚያ እኔው አመጣሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ሄጄ እወስድሻለሁ።"

"በዚያ የዶሮ ቆጥ?"

"በዚያ የዶሮ ቆጥ።"

"ጫማዬ ለዚያ መንገድ አይሆንም" አለች ሜቪስ፤ እያለችም ተነሥታ የመኪናዋን በር ትከፍት ነበር።

ሸለቆውን ወደ ላይ ሲወጡ ፀሐይ ነበረች። ሜቪስ ስለ ወንበሩ አማረረች፤ ስለ ነፋሱ አማረረች፤ ከዚያ ሳታስበው እጇን በአዲሱ እንጨት ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ዋናው መንገድ አልቆ የበግ ማሰማሪያው ሲጀምር፣ የመጀመሪያው የአጥር በር ፊታቸው ቆመ። እዚያ አገር በር የሚከፍተው ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ነው፤ ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ይበረታል። ቶራ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ስትወርድ፣ ስትከፍት፣ ስታሳልፍ፣ ተመልሳ ስትዘጋ ነው የኖረችው። አሁን መሪውን ይዛ ወደ እህቷ ዞረች።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለች ሜቪስ።

"በሩ።"

"በዚህ ጫማ?"

"በዚያ ጫማ።"

ሜቪስ እየተነጫነጨች ወረደች፤ ጭቃውን በእግሯ ጣቶች ጫፍ እየረገጠች ሄደች። ሁለተኛው በር ላይ መነጫነጩ ቀነሰ። ከቤቱ በታች ባለው በመጨረሻው በር ላይ ቶራ አሳልፋ ቆማ ብትጠብቅ፣ እህቷ ቀረችባት። በመስታወት አየቻት፤ ሜቪስ ግራ ቀኙን ተመልክታ ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ፣ ጭቃ የጠጣውን የከተማ ጫማዋን በበሩ የታችኛው አግዳሚ ላይ አቁማ፣ በአንድ እግሯ ገፋ አደረገችና፣ ከሚዘጋው በር ጋር አብራ እየተወዛወዘች መጣች።

ቶራ ክላክሱን ነፋች።

"ምን ትጮሂብኛለሽ!" አለች ሜቪስ፣ ከበሩ ላይ ሳትወርድ። "እየመጣሁ ነው!"